«3000 ዋት ነው፣ እናቴ!»

እናንተዬ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አርባ ያለፋት ሴት ለራሷ የሙዚቃ ኪቦርድ መግዛት ክልክል ነው እንዴ? እኔ ያልሰማሁት አዋጅ ካለ ንገሩኝ። ሱቅ ገብቼ «ኪቦርድ ፈልጌ ነበር» ከማለቴ «ለልጅሽ ነው? ስንት ዓመቱ ነው?» ይሉኛል። ለራሴ ነው ስላቸው ፈገግ ይሉና ያንኑ ቁልፎቹ ቀይና አረንጓዴ የሚያበሩትን፣ ማይክ የተንጠለጠለበትን፣ የውሻና የዶሮ ድምፅ የሚያወጣውን መጫወቻ ከመደርደሪያ ያወርዱልኛል። አንዱማ «ማዘር፣ ይሄ ይቀልሻል» አለኝ። የሚቀለኝን አንተ በምን አወቅህ?

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር። ልጅ ሆኜ የተመኘሁትን ነገር እቁብ ሲደርሰኝ ልግዛው ብዬ ነው የተነሳሁት። እቁቡ 45 ሺህ ብር ነው። ኪቦርዱም፣ ስፒከሩም፣ ማቆሚያውም፣ ገመዱም ከዚሁ ነው የሚወጡት። ብዙ ብር እንዳልሆነ አላጣሁትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው ከ100 እንዳለፈ ሁላችንም በኪሳችን አይተነዋል። ውጭ 200 ዶላር ገደማ የሚሸጥ የጀማሪ ኪቦርድ ማጓጓዣው፣ ቀረጡ፣ 15 በመቶ ቫቱና የነጋዴው ትርፍ ተደራርቦበት እዚህ ሲደርስ ምን እንደሚያክል ይገባኛል። መወደዱ አይደለም ያንገበገበኝ። ብሬን ይዤ ሄጄ፣ ስለምገዛው ዕቃ አንዲት እውነተኛ ቃል የሚነግረኝ ሰው ማጣቴ ነው!

ቴሌግራሙን ተዉት። ፎቶው ያምራል፣ ስልክ ቁጥሩ በትልቁ ተጽፏል፣ ዋጋው ግን «በውስጥ መስመር»። እሺ ብዬ በውስጥ መስመር ስጽፍ «የት ሰፈር ነሽ?» ይለኛል። ሰፈሬን ከዋጋው ምን አገናኘው? ቱሉ ዲምቱ ስል «እሱ ሩቅ ነው፣ የማድረሻ ይጨመራል» ይመጣል። ዋጋው ሳይነገረኝ ጭማሪው ተነገረኝ! ጠዋት 38 ሺህ የተባለው ማታ «አልቋል፣ አሁን የገባው 46 ነው» ሆነ። ፎቶው ያው ነው፤ ጥግ ላይ የምትታየው ቢጫ ጄሪካን እንኳ ከቦታዋ አልተነሳችም። ሞዴሉን ስጠይቅ ደግሞ፦

«ያማሃ ነው።»
«ሞዴሉ?»
«ኦሪጅናል።»
«ቁጥሩን ማለቴ ነው።»
«የዱባይ ነው እናቴ፣ አትጠራጠሪ።»

ቁጥሩ እኮ ነው ዋናው! ያማሃ ፒኤስአር-ኢ273 እና ኢ373 ጎን ለጎን ቢቀመጡ ብዙ ሰው አይለያቸውም። ሁለቱም 61 ቁልፍ ናቸው። 273ቱ ግን ቁልፉን ብትዳብሱትም ብትደበድቡትም ድምፁ እኩል ነው፤ ከስልክና ከኮምፒውተር የሚገናኝበት የዩኤስቢ ቀዳዳም የለውም። 373ቱ ሁለቱም አለው። ካሲዮም ጋ እንደዚያው ነው፤ ሲቲ-ኤስ200 የጣት ክብደት አይለይም (ተች የለውም የሚሉት ይሄንን ነው)፣ ሲቲ-ኤስ300 ይለያል፣ በዚያ ላይ ፒች ቤንድ የሚሉት፣ ሲሽከረከር ድምፅ የሚያጎብጥ ጎማ ግራ በኩል አለው። ለጀማሪ ጣት ሲጠነክር ጠንከር፣ ሲለሰልስ ለስለስ የማይል ዕቃ ላይ መማር ምኑ መማር ነው? ጣቱ ሳይሠለጥን ዓመት ያልፋል። ይህን ሁሉ የነገረኝ ሻጭ ግን የለም፤ ማታ ማታ ስልኬ ላይ ተጥጄ ያገኘሁት ነው።

የድምፅ ማጎበጫዋን ነገር ችላ አትበሉ። ጥቁሮቹን አምስት ቁልፎች ብቻ ከፋ ዲያዝ (ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ጥቁሮች የግራዋ) ጀምራችሁ ተራ በተራ ንኩ፣ ትዝታ ሜጀር የሚባለውን ቅኝት ይሰጣችኋል፤ ምንም ሙዚቃ የማያውቅ ሰው እንኳ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው አንጀት ይበላል። ችግሩ የእኛ ዜማ ቁልፍ ላይ ብቻ አይቆምም። ማሲንቆው በድምፅና በድምፅ መካከል ይንሸራተታል፣ ዘፋኙም እንደዚያው። ያቺ ጎማ ከሌለች ባቲውም አምባሰሉም ደርቆ ነው የሚወጣው። እና ሻጩን «ፒች ቤንድ አለው?» ስለው «አለው፣ 600 ድምፅ አለው» አለኝ። ጥያቄና መልስ ተላለፉ።

ሱቅ ሄዶ መስማት ይሻላል ብዬ ደግሞ ፒያሳም መርካቶም ዞርኩ። «ካርቶኑ ከተከፈተ ትገዣለሽ» ይሉኛል። ሳልሰማ እንዴት ልግዛ? አንድ ቦታ ለማሳያ የተቀመጠ ተገኘና ልጁ ሰካልኝ። አንድ ቁልፍ ተጫነና እጁን አጣጥፎ ቆመ። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ቫዮሊኑ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሱቁን ሞላው። «ሰማሽው አይደል ጥራቱን?» ይለኛል። ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ማሽኑ ራሱን በራሱ እየተጫወተ ነው፤ ፋብሪካ የሞሉለት ማሳያ ነው። አጥፋልኝ ብዬ አንዷን ቁልፍ በቀስታ ነካኋት፣ ቀጥዬ ጠበቅ አድርጌ መታኋት። ድምፁ ያው። «ይሄ ተች የለውም» አልኩት። «ስክሪኑ ማለትሽ ነው?» አለኝ። ኧረ በሕግ!

አዳፕተሩም ሌላ ጣጣ ነው። የያማሃዎቹ 12 ቮልት ይፈልጋሉ፣ የካሲዮዎቹ 9.5። ሻጩ ከመሳቢያ አንድ የራውተር አዳፕተር አውጥቶ «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ይላል። የፕላስና የማይነሱን አቅጣጫ የሚጠይቅም የለም። ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ አዳፕተሩ ጀርባ ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ላይ ሰክታችሁ ጭስ እንዳትቀበሉ። ይልቅ በስድስት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ መሥራታቸውን ውደዱላቸው፤ መብራት ሲሄድ የሚቀጥል ነገር በሰፈራችን ብርቅ ነው።

አሁን ወደ ስፒከሩ እንምጣ። እዚህ ጋ ነው ደሜ የፈላው።

ያያችሁት ታውቃላችሁ፤ ጎማና እጀታ ያለው፣ ፊቱ ዲስኮ የሚያበራ፣ ካርቶኑ ላይ በእሳት ቀለም «3000 ዋት» የተጻፈበት። «3000 ዋት ነው፣ እናቴ! ሰርግ ያስጨፍራል!» አለኝ ልጁ። እስቲ አዙርልኝ አልኩት። አዞረልኝ። ከኋላ፣ አቧራ የጠጣች ትንሽ ወረቀት ላይ የመሙያው መጠን ተጽፏል፦ 15 ቮልት፣ 2 አምፔር። አባዙት፤ 30 ዋት። የውስጡ ባትሪ 12 ቮልት፣ 4.5 አምፔር ሰዓት ነው ይላል። ይህም 54 ዋት ሰዓት ማለት ነው። እውነት 3000 ዋት የሚበላ ቢሆን ኖሮ ባትሪው አንድ ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ያልቅ ነበር፤ ሙሽራዋ ከመኪና ሳትወርድ! ልጁ ግን «አንዴ ከተሞላ ስድስት ሰዓት ይሄዳል» ብሎኛል። 54ን ለስድስት አካፍሉት፤ 9 ዋት። ይህንን ስሌት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ በቃላቸው ይሠሩታል። ነገርኩት። «ማዘር፣ አንቺ መምህር ነሽ እንዴ?» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ይሄ ካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ፒኤምፒኦ ይባላል፤ ለቅጽበት ሊወጣ ይችላል ተብሎ እንደ ሻጩ ድፍረት የሚለጠጥ ነው። የሚጠየቀው አርኤምኤስ ነው፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል። ደግሞም ዋት በእጥፍ ስላደገ ጩኸቱ በእጥፍ አያድግም፤ ሦስት ዴሲቤል ብቻ ነው የሚጨምረው፣ ጆሮ በግድ የሚለየው። እጥፍ ጮኸ የሚያሰኘው አሥር እጥፍ ኃይል ነው። የእኔ ሳሎን ሶፋው ከገባ ወዲህ ለሰው መተላለፊያ የላትም፤ ለእሷ 20 እና 30 እውነተኛ ዋት ይተርፋታል። ኪቦርዱ የራሱ ስፒከር ያለው በግራ 2 በቀኝ 2 ዋት ገደማ ነው እኮ። ሰርግ ላስጨፍር አይደለም። ከታች ያሉት እትዬ ግድግዳው ብሎኬት መሆኑን በየሳምንቱ ያስታውሱኛል።

ለኪቦርድ የሚያስፈልገው የጠራ፣ ላይ ታቹን እኩል የሚያሰማ ስፒከር ነው። የ61 ቁልፍ ኪቦርድ የመጨረሻዋ የግራ ቁልፍ 65 ኸርዝ ገደማ፣ በጣም ወፍራም ድምፅ ናት፤ መዳፍ የምታክል ስፒከር ያቺን ድምፅ ትውጣታለች። ጎማ ያለው ትልቁ ደግሞ በግልባጩ ሁሉንም ዱም ዱም ያደርገዋል፤ ፒያኖውም ከበሮ፣ ክራሩም ከበሮ።

«ገመድ አያስፈልግም፣ ብሉቱዝ አለው» የሚሉትንም እንዳትሰሟቸው። ኪቦርዶቹ አብዛኞቹ ድምፅ በብሉቱዝ አይልኩም። ማሰራጫ ተገዝቶ ቢገጠም እንኳ ድምፁ ተጨምቆ፣ ተልኮ፣ ተፈትቶ እስኪወጣ 200 ሚሊ ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ እናንተ ቁልፉን ስትነኩ ስፒከሩ 68 ሜትር ርቆ፣ ሁለት ብሎክ ወዲያ ያለ ነው የሚመስላችሁ። ዘፈን ለማዳመጥ ይሁን፤ ጣት ለማሠልጠን እብደት ነው።

በገመድ ይሁን ብዬ አክቲቭ ሞንታርቦ፣ ማጉያው ውስጡ የተገጠመለት ስፒከር፣ ወዳለው ሱቅ ሄድኩ። ስልኬን በጆሮ ማዳመጫ ገመድ፣ ጫፉ ላይ ወፍራም ጃክ አድርገው ሰኩልኝ። ዘፋኙ ጠፋ! ከበሮው ጠፋ! የቀረው ከጉድጓድ የሚመጣ የሚመስል ማስተጋባት ብቻ። «ስልክሽ ነው የተበላሸው» አሉኝ። ስልኬ ምን አጠፋ? ያ ባላንስድ የሚባለው መግቢያ የሁለት ሽቦዎችን ልዩነት ነው የሚያጎላው። የስቴሪዮ ግራና ቀኝ ሲገባበት አንዱን ከሌላው ይቀንሳል፣ በሁለቱም እኩል ያለው ነገር ዜሮ ይሆናል። መፍትሔው ግራና ቀኙን ለሁለት ሞኖ ጃክ የሚከፍል ባለ ሹካ ገመድ ነው። ከሁሉም ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፤ እሱም የለም። «ማን ይጠይቀዋል?» አሉኝ። እኔ! እኔ ነኛ የምጠይቀው!

ኪቦርዱስ ተገኘ። አንድ የመዘምራን ቡድን ልጅ ገላን በኩል ሲቲ-ኤስ300 የተሠራበት ሊሸጥ ነው ብለውኝ ቤቱ ሄድኩ። ዋጋውን በስልክ ነገረኝ፣ ስደርስም አልተለወጠም። ገና ሳልነካው «ሁለት ቁልፎች ላይ በኩል ትንሽ ይንቋቋሉ፣ ድምፃቸው ግን ደህና ነው» አለኝ። ስልሳ አንዱንም አንድ በአንድ ስነካ ቡና እያፈላ ጠበቀኝ። እንዲህም ይሸጣል ለካ። ስመለስ የሚኒባሱ ረዳት ዕቃው የሰው ቦታ ይዟል ብሎ የአንድ ሰው ሒሳብ አስከፈለኝ። 3.3 ኪሎ የሚመዝን፣ ሜትር የማይሞላ ዕቃ ታፋዬ ላይ አቅፌ! ከፈልኩ፣ ምን ላድርግ።

ስፒከሩ ግን ይኸው እስካሁን የለም። በማዳመጫ እየተለማመድኩ ነው፤ እትዬም ደስ ብሏቸዋል። ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን ወይም ቃሊቲ አካባቢ ጥንድ ትንንሽ ስፒከር የሚሸጥ ካለ ይጻፍልኝ። አደራ፣ የካርቶኑን ፎቶ አትላኩ። ስፒከሩን አዙራችሁ የኋላውን ወረቀት፣ ቮልትና አምፔሩ የሚነበብበትን፣ አቧራውን ጠርጋችሁ አንሱልኝ። ያቺ ባለ ሹካ ገመድ ካለቻችሁ ደግሞ አብራችሁ ሒሳቡ ውስጥ አስገቧት።