ቲቲፒ ወደ አዲስ አበባ መንደሮችም ይግባ

ጎንደር ወይም ጅማ ጤና የተማረ ሰው ስታገኙ ስለ ቲቲፒ (ቲም ትሬይኒንግ ፕሮግራም፣ የቡድን ሥልጠና) ጠይቁት። ወሬው ቶሎ አያልቅለትም። የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የጤና መኮንን፣ የላቦራቶሪ፣ የፋርማሲና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ የሚወጡበት ሥልጠና ነው። ለሳምንታት አብረው ይሠራሉ። በሽተኛ ያያሉ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ የአካባቢውን የጤና ችግር ያጠናሉ፣ አቅማቸው የፈቀደውን መፍትሔም ይሞክራሉ።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጎንደር አቅራቢያ ባለው ደምቢያ ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ከዚህ እልቂት በኋላ በ1954 (እ.ኤ.አ.) የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒተሪያኑ (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው) ገና ተማሪ ሳሉ አብረው መሥራትን እንዲለምዱ ተደረገ። ጅማም ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማኅበረሰቡን የትምህርቱ መሠረት አደረገ።

አሁን ይህ አሠራር ለአዲስ አበባ ያስፈልጋል። ቡድኑ ግን መስፋት አለበት።

አንድ የቀበሌ ቤቶች ግቢ አስቡ። ብዙ ቤተሰብ የሚጋራው ሽንት ቤት ሞልቷል። መምጠጫ መኪናው በጠባቡ መንገድ አይገባም። ክረምት ሲመጣ ፍሳሹ በቦዩ ወርዶ ታች ሰፈር ይደርሳል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ እናቶች በጀሪካን ያጠራቀሙትን ለወጥና ለልጆች ይቆጥባሉ። እዚህ ግቢ የጤና ተማሪ ገብቶ «እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ» ቢል ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን በምን ውሃ? የልጆቹን ተቅማጥ የሚያቆመው ግማሹ ሥራ የመሐንዲስ ነው። መንገዱን የሚያሰፋ፣ አጥር ለማስነሳት ጎረቤት የሚያግባባ፣ ለጥገናው ማን ስንት ያዋጣ የሚለውን የሚያስማማ ሰውም ይፈለጋል።

እነዚህ ሁሉ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ከተማ ውስጥ አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጤናውን ጥቁር አንበሳ፣ ምህንድስናውን አምስት ኪሎ፣ የሕንፃና የከተማ ፕላን ትምህርቱን ልደታ፣ ማኅበራዊ ሳይንሱን ስድስት ኪሎ ያስተምራል። በታክሲ የሚደራረሱ ግቢዎች ናቸው! ለማደሪያ እንኳ ብዙ ወጪ የለበትም።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ነዋሪው መጠየቅ ሰልችቶታል። ተማሪ ይመጣል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ውጤቱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በየዓመቱ አዲስ ሰፈር መምረጥ ይቅር። አንዱን ሰፈር የዘንድሮው ቡድን ለከርሞው ያስረክብ፤ የተጀመረው ቦይ ሳያልቅ ሌላ ጥናት አይጀመር። ወረዳውም ተማሪዎቹ ያቀረቡትን ሐሳብ ተቀብሎ የትኛውን በበጀቱ እንደያዘ፣ የትኛውን ለምን እንዳልቻለ በጽሑፍ ይመልስ። መልሱ ግቢው በር ላይ ይለጠፍ፤ ነዋሪው ያንብበው። ቀጣዩ ቡድንም ሥራውን ከዚያ ወረቀት ይጀምር።