ለለቅሶ የምንወስደውን ፈቃድ ለምርመራ እንውሰደው

እህቶቼ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፣ ከልቤ ነውና ስሙኝ። ለቅሶ ሲሆን ከስራ ፈቃድ ወስደን፣ እንጀራ ተሸክመን ሄደን ስንት ቀን እንቀመጣለን፣ ሟቿ በምን እንደሞተች ግን ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም፣ «ትንሽ አሟት ነበር» ይባላል በቃ። የማህፀን በር ካንሰር ብሎ መጥራት ነውር ነው እንዴ?

አገራችን ውስጥ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን የሚይዘው ካንሰር ይሄ እኮ ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው፣ ገብቶ ካንሰር እስኪሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 አመት ይፈጃል (ኤችአይቪ ያለባት ላይ ይፈጥናል፣ በካንሰሩ የመያዝ እድሏም 6 እጥፍ ነው)። ያን ሁሉ አመት በምርመራ መያዝ እየተቻለ ነው የምንሞተው፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ከምርመራ የምትሸሹበትን ምክንያት አውቃለሁ። ያ የምርመራ ብረት ብልት ውስጥ ሲገባ፣ ሀኪሙ ወንድ ከሆነስ፣ አስተርጓሚዋ የማውቃት ከሆነችስ... እኔም ለአመታት የሸሸሁት በዚሁ ነው። አሁን ግን አሜሪካ ያላችሁ፣ ሴቷ ራሷ ክሊኒክ ውስጥ ለኤችፒቪ ምርመራ የሚሆነውን ናሙና እንድትወስድ የአገሩ የመድሃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2024 ፈቅዷል፣ በ2025 ደግሞ ቤት ሆነሽ የምትሰሪውን ፈቀደ። በር ዘግተሽ፣ እንደ ጆሮ መጥረጊያ ሆና ረዘም ያለች ለስላሳ ነገር ብልትሽ ውስጥ አስገብተሽ ትንሽ ታዞሪያታለሽ፣ እቃዋ ውስጥ ከተሽ ትሰጫለሽ፣ አለቀ፣ ማንም አያይሽም። ሄደሽ «ራሴ ነው የምወስደው» በያቸው። ስዊድንና ኔዘርላንድ ያላችሁ በፖስታ የመጣላችሁን የናሙና መውሰጃ ኪት ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አትጣሉት።

አገር ቤት ይሄ ገና አልተዳረሰም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛዋ ቤት ለቤት ይዛው ብትዞር ስንት እናት ትተርፍ ነበር፣ ይሄን ደጋግመን መጠየቅ አለብን። እስከዛው ግን ከ30 እስከ 49 አመት ላላችሁ ጤና ጣቢያ በአቼቶ የሚሰራው (የማህፀን በር ላይ አቼቶ ተቀብቶ በአይን የሚታይበት) ምርመራ አለ፣ ሂዱ።

ወንዶች እናንተም ስሙ፣ ቫይረሱ በወሲብ ነው የሚተላለፈው፣ ሚስትህ ፖዘቲቭ ብትባል «ከማን አመጣሽው» ብለህ እንዳትነሳባት፣ ከስንት አመት በፊት የገባ ሊሆን ይችላል፣ ካንተም ሊሆን ይችላል።

ፖዘቲቭ ማለት ደግሞ ካንሰር አለብሽ ማለት አይደለም፣ ቀጥሎ ሀኪም ይይሽ ማለት ነው። ክሊኒኩ ሲደውል የማላውቀው ቁጥር ነው ብለሽ አትዝጊው፣ አንሺው። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ ንገሪኝ፣ ፈቃድ ወስጄም ቢሆን አብሬሽ እሄዳለሁ።