«ፕላቶ እንዳለው» ከማለታችን በፊት

«ፕላቶ እንዲህ ብሏል» የሚል ጥቅስ ሳላይ የሚያልፍ ሳምንት የለኝም። ከጢማም ሐውልት ፎቶ ሥር አንድ መስመር ይለጠፋል፣ ሰው ይወደዋል፣ ያጋራዋል። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ፕላቶ ግን በጻፋቸው ምልልሶች፣ ማለትም በሰዎች ንግግር መልክ በተጻፉ ሥራዎቹ፣ ውስጥ በራሱ አንደበት አንድም ቦታ አይናገርም። የሚናገሩት መምህሩ ሶቅራጥስ፣ የጦር አዛዦች፣ ሐኪሞች፣ ገጣሚዎችና ገና ጢማቸው ያላቀመቀመ ወጣቶች ናቸው። የእሱ ስም የሚነሣው በሁለት ሥራዎች ብቻ ነው። በአንዱ፣ ሶቅራጥስ ችሎት ፊት ቆሞ ሳለ የ30 ሚና (የጥንት ግሪክ ገንዘብ) ቅጣት ዋስ ለመሆን ከቀረቡት ወዳጆቹ መካከል ተጠቅሷል። በሌላው፣ ሶቅራጥስ መርዙን በጠጣበት ቀን እስር ቤት የነበሩትን የሚቆጥረው ተራኪ «ፕላቶ ግን ታሞ ነበር መሰለኝ» ብሎ ያልፈዋል። የመምህሩን የመጨረሻ ሰዓት ያቆየልን ሰው፣ በቦታው እንዳልነበረ የሚናገረውን መስመር የጻፈውም ራሱ ነው። እዚህ ጋ በደረስኩ ቁጥር ማንበቤን አቁሜ ትንሽ እቆያለሁ።

እርግጥ ነው፣ የግሪክ ፈላስፎች በጥቅስ መልክ እኛ ዘንድ መድረሳቸው የፌስቡክ ዘመን ነገር አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ የሶቅራጥስንና የአፍላጦንን፣ ማለትም የፕላቶን፣ ስም የያዙ ምክሮች ይዞልን መጥቷል። ትልቅ ቅርስ ነው፤ ልንኮራበትም ይገባል። ነገር ግን ለምክር ሰምቶ የሚይዘው ሰው ይበቃዋል። ምልልስ ደግሞ አንባቢውን ሳያስከራክር አይለቅም። ቅር የሚለኝ ይህን ሁለተኛውን ፕላቶ ሳናገኘው መቅረታችን ነው።

«ሜኖ» የተባለውን ምልልስ እንይ። ሶቅራጥስ የሜኖን ባሪያ፣ ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ፣ ጠርቶ ካሬ ይሥልለታል፤ ጎኑ 2 ጫማ፣ ስፋቱ 4 ካሬ ጫማ። ስፋቱ እጥፍ የሆነ ካሬ ጎኑ ስንት ይሆናል? ልጁ ሳያመነታ ጎኑም እጥፍ፣ 4 ጫማ ነው ይላል። ሲቆጥሩት 16 ሆነ። እንግዲያው 3 ይሁን አለ፤ 9 ሆነ። ያን ጊዜ ልጁ «በዜውስ እምላለሁ፣ እኔ አላውቅም» ብሎ ይቆማል። ሶቅራጥስ ወደ ሜኖ ዞሮ፣ ይህ ልጅ ሳያውቅ ዐውቃለሁ ሲል ከነበረበት አሁን አልተሻለም ወይ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ነው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በተሰመረው ሰያፍ መስመር ላይ የሚፈለገው 8 ካሬ ጫማ የሚገኘው። ጥያቄዎቹ ልጁን እየመሩ ይወስዱታል የሚሉ አንባቢዎች አሉ፤ እውነትም አላቸው። የልጁ ስም እንኳ አለመጻፉም ያሳዝነኛል። ያም ሆኖ «አላውቅም» የምትለውን ቃል እንዲህ አክብሮ ያስቀመጠ ሌላ ጽሑፍ አላነበብኩም።

እዚያው ምልልስ ላይ አኒቶስ የሚባል የአቴና ፖለቲከኛ ጣልቃ ይገባል። አኒቶስ ሶቅራጥስን፣ ሰውን ማማት እንደሚቀናው ነግሮ «ተጠንቀቅ» ብሎት ይሄዳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት ገደማ ሶቅራጥስን ለሞት ካበቁት ሦስት ከሳሾች አንዱ እሱ ነው።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው እኔ የምሰጠው «ኤውቲፍሮን» የተባለውን ምልልስ ነው። አጭር ነው፣ በአንድ ምሽት ያልቃል። ኤውቲፍሮን የገዛ አባቱን በነፍስ ግድያ ሊከስ መጥቷል። አንድ ቅጥር ሠራተኛቸው ሰክሮ ባሪያ ገደለ፤ አባትየው እጅ እግሩን አስሮ ጉድጓድ ውስጥ ጣለውና ምን እንደሚደረግ የሚጠይቅ ሰው አቴና ላከ። መልእክተኛው ሳይመለስ እስረኛው በረሃብና በብርድ ሞተ። ዘመድ ሁሉ በኤውቲፍሮን ተቆጥቷል፤ እሱ ግን አማልክት የሚወዱትን ጠንቅቆ እንደሚያውቅ እርግጠኛ ነው። ሶቅራጥስ ይጠይቀዋል፦ ቅዱስ ነገር ቅዱስ የሆነው አማልክት ስለወደዱት ነው ወይስ ቅዱስ ስለሆነ ነው የወደዱት? ኤውቲፍሮን ዙሪያውን ሲሽከረከር ቆይቶ በመጨረሻ «ቸኩያለሁ» ብሎ ይሄዳል። መልስ የለም፤ ምልልሱ አለቀ።

እኔና አንድ ጓደኛዬ ይህን ተራ በተራ ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብነው። እሱ ኤውቲፍሮንን ሆነ። የአማልክቱ ጥያቄ ላይ ስንደርስ ቀጣዩን መስመር አላነበበም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና «ቆይ፣ እኔ ብሆን እንደዚህ አልመልስም» አለኝ። የቀረውን ገጽ ያነበብነው በሳምንቱ ነው።