«ስንት ይዘህ መጣህ?»

የድሬ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው እኔንም ይጨምራል፤ ያን ቀን በር ላይ ተቀምጠው ከሳቁት አንዷ ነበርኩና።

የሰፈራችን ልጅ ከሳዑዲ ከተመለሰ ስምንተኛ ወሩን ይዟል። እሱንም እናቱንም አስፈቅጄ ነው የምጽፈው፤ ስሙን ግን አልጠራም። በዚህ ሙቀት ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ይሄዳል። ከጃኬቱ ስር ያለውን ጀርባ ያየችው እናቱ ብቻ ናት። የመን ላይ ያገቱት ሰዎች፣ ቤተሰቡ ብር እንዲልክ ጩኸቱን በስልክ እያሰሙ፣ የቀለጠ ፕላስቲክ አንጠባጥበውበታል። ባለፈው አንድ ባጃጅ ጭስ ማውጫው ሲፈነዳ ልጁ ተወርውሮ ቦይ ውስጥ ተኛ፤ ሁለት እጁን በአናቱ ላይ አድርጎ። እኛ ሳቅን። «ዋሪያ፣ ነካህ እንዴ?» አለው አንዱ። ተነሣና አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ሄደ።

ነውር ነው። የሠራነው ነውር ነው።

ሰው ተመለሰ ሲባል ከአፋችን የሚቀድመው «ስንት ይዘህ መጣህ?» ነው። ሻንጣውን እንጂ ፊቱን አናይም። ልጁ የሄደው በሬ ተሸጦ ወይም በአራጣ ተበድሮ ነው፤ ዕዳው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጠብቆታል። ጥያቄውን እኛ ባንጠይቀውም እሱ ሌሊቱን ሙሉ ራሱን ይጠይቀዋል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ ብዙዎቹ የለበሱትን ብቻ ይዘው ነበር የወረዱት። በሕይወት መመለስም ለሁሉም አልሆነም። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ አጋማሽ፣ ጅቡቲ ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ከ50 በላይ ሰው አለቀ። ተሳፋሪዎቹ ወደ አረብ አገር የሚሄዱ አልነበሩም፤ ከየመን ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ደግሞስ እኛ ማን ነን? በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሜዳ ላይ ባይደርስ ድሬ የምትባል ከተማ መች ነበረች? ሰፈሮቻችንን፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሞላው ከሐረር፣ ከሸዋ፣ ከየመን፣ ከግሪክ፣ ከአርመን የመጣ ሰው ነው። የስደተኛ ልጅ ስደተኛ ላይ ሲስቅ አያምርም።

ልጁ አላበደም። ወራት ሙሉ በዱላ ድምፅ ሲነቃ የኖረ ሰው፣ አደጋው ማለፉን ልቡ ቢያውቅም ሰውነቱ አያምንም። ድምፅ ሲሰማ ሳያስበው ይሮጣል። እንቅልፍ ያጣል፣ ሲተኛም ይቃዣል፤ ከሰው ይሸሻል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል። ይህ ሕመም ነው፤ ሐኪም አለው፣ ይታከማል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ደግነት የመሰለን ነገር ነው። «ይጫወት፣ ይርሳው» ብለን በርጫ ላይ እንጠራዋለን። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ አጥቶ ለሚሰቃይ ሰው ጫት ታቀብላላችሁ? ምርቃናው ሲወርድ ጭንቀቱ እጥፍ ሆኖ ይመጣል፣ ከዚያ ጨብሲው፣ የማብረጃው መጠጥ፣ ይከተላል። በጆሮው ድምፅ የሚሰማው፣ ሰው ሁሉ የሚያሳድደው የሚመስለው ከሆነማ ጭራሽ ያብስበታል። አቦ፣ ከወደዳችሁት ሆጃ አፍሉለትና አብራችሁት ተቀመጡ። ያየውን ካልተናገረ አታስለፍልፉት፤ ሲጀምር ደግሞ አታቋርጡት። «መሞት ይሻለኛል» ካለ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቃችሁ ሐሳቡን አያመጣበትም። አስቤያለሁ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ጠበል የሚወስድ ይውሰድ፣ ቁርአን የሚያስቀራ ያስቀራ፤ እኔ ጸሎት አልነቅፍም። ክኒኑን ግን አታስጥሉት። ማሰርማ ፈጽሞ አይሁን።

ሳልንም አትናቁ። ሰው በሰው ላይ በተደራረበበት እስር ቤት ከርሞ የመጣ ሰው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሳለ «የአየር ለውጥ ነው» አትበሉ። የሳምባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሻል ሲለው ማቋረጥ የሚያምረው ብዙ ነውና እስኪጨርስ የሚከታተለው ሰው ያስፈልገዋል።

እናንት እናቶች፣ ይኼኛው ለእናንተ ነው። ልጅ ታቅፋ የመጣችውን «አባቱ ማነው?» አትበሏት። ማዳም ቤት ተቆልፎባት ምን እንደደረሰባት አታውቁም፤ ለማወቅም መብት የላችሁም። «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» በሏት፣ ሕፃኑን ተቀበሏት፣ ትተኛ። የወር አበባዋ ከተዛባ፣ ሽንቷን ካመማት፣ ሆዷን ከቆረጣት፣ ለሐኪም የማትነግረው እናንተን ፈርታ ነው። ወሬያችሁን ፈርታ።

የዚያ ልጅ የሐኪም ቀጠሮ ረቡዕ ጠዋት ነው። ያለፉት ሁለት ቀጠሮዎች አልፈውታል፤ ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ይጨንቀዋል፣ እናቱ ደግሞ ብቻዋን አግባብታ ልትወስደው አልቻለችም። በእግር ብንሄድ እንደሚሻለው ነግሮኛል። ያን ቀን በር ላይ ከነበርነው መካከል ሦስት ሰው እፈልጋለሁ። አንዷ እኔ ነኝ። ፀሐይ ሳይበረታ፣ አንድ ሰዓት ላይ እንነሣለን።