መብራቱ ነው የሄደው፣ እኔ አልሄድኩም

«ጨዋታውን ጥለህ ወጥተሃል» ይለኛል የኮምፒውተር ጌሙ። ወዴት ነው የወጣሁት? እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጨለማ ውስጥ ማውዜን እንደያዝኩ ቁጭ ብያለሁ። የሄደው መብራቱ ነው። የተቀጣሁት ግን እኔ ነኝ፣ ያውም 24 ሰዓት እንዳልጫወት።

የማወራው ስለ ካውንተር ስትራይክ ነው፣ ሁለት ቡድን የሚታኮስበት፣ አንዱ ቦምብ አጥምዶ ሌላው የሚያከሽፍበት ጌም። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ የአዲስ አበባ ልጆች ታውቁታላችሁ። በ1998 ዓ.ም. አካባቢ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ኢንተርኔት ቤት ነበር። ኢንተርኔቱ ለስሙ ነው፣ አንድ ኢሜይል ለመክፈት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ስምንቱ ኮምፒውተሮች ግን በኬብል እርስ በርስ ተያይዘው ነበር፣ ቀኑን ሙሉ 1.6 የሚባለው የጨዋታው የድሮ ስሪት ነው የሚከፈትባቸው። ከትምህርት ቤት እንደወጣን ዩኒፎርማችንን ሳናወልቅ እንገባለን። የተመታው ይጮሃል፣ የመታው ከጀርባው ሆኖ ይስቃል፣ ባለቤቱ «ዝም በሉ ብያለሁ!» ይላል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ለሁላችንም እኩል ይሄዳል። ደረጃው ላይ ተደርድረን እንቀመጣለን፣ የቀረችንን ሳንቲም እንቆጥራለን፣ ሲመጣ ከዜሮ እንጀምራለን። «ጥለህ ወጣህ» የሚባል ሰው አልነበረም።

ያኔ አምስት ነበርን። ዛሬ አንዱ ዱባይ ነው፣ አንዱ ሪያድ፣ አንዱ አዳማ፣ አንዱ ቦሌ። እኔ ዕጣ ወጥቶልኝ ወደ ቱሉ ዲምቱ ከመጣሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ቦሌ ያለውን እንኳን በዓመት ሁለቴ ባገኘው ነው። ከሥራ ወጥቼ፣ ቃሊቲ ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዤ፣ ቤት ስደርስ ማታ 2 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ተነስቶ ቦሌ ድረስ ለወሬ የሚሄድ ሰው የለም። አምና የአንዳችን አባት አረፉ። ለቅሶው ላይ የተገኘነው ሁለት ብቻ ነን። ሌሎቹ በስልክ አለቀሱ። ከአርባው በኋላ ዱባይ ያለው ደወለና «እንዲህ ሆነን መቅረታችን ነው? ለምን በሳምንት አንድ ቀን ጌም ላይ አንገናኝም?» አለ። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ተባባልን። ከስንት ዓመት በኋላ የተመለስኩት እነሱ እዚያ ስላሉ ነው።

መመለስ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ጨዋታው አሁን ካውንተር ስትራይክ 2 ሆኗል። በ2023 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ ነው የቀድሞውን ተክቶ የወጣው። በነፃ ይወርዳል። ግን 85 ጊጋ ባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። እኔ ቤት ያለው ኢንተርኔት ደህና በሆነ ሰዓት በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ነው። በዚህ ፍጥነት የዚያን ግማሹን ለማውረድ እንኳን አንድ ቀን ሙሉ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ ምንም ሳይቋረጥ መሄድ አለበት። ምንም ሳይቋረጥ! በአራተኛው ቀን ተውኩት። ሃርድ ዲስክ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቦሌ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ፣ ከእሱ ኮምፒውተር ገልብጬ መጣሁ። ቤት ስደርስ ደግሞ አዲስ አፕዴት ወጥቶ ጠበቀኝ። እሱን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስቼ አወረድኩት፣ ያኔ ሰው ስለሚተኛ ይፈጥናል።

ከዚያ ክፍያው። ጓደኞቼ የሚጫወቱት ፕሪሚየር የሚባለው፣ በነጥብ የሚወዳደሩበት ክፍል ላይ ነው፣ ለእሱ ደግሞ ፕራይም የሚባለውን የሚከፈልበት ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። 15 ዶላር ገደማ ነው። ብሩ አለኝ፣ በብር የሚቀበለኝ ግን የለም። የባንክ ካርዴን አስገባለሁ፣ አይቀበልም። ለፍተህ ያገኘኸውን ገንዘብ ኪስህ ይዘህ የ15 ዶላር ነገር መግዛት ሲያቅትህ ምን እንደሚሰማህ የደረሰበት ያውቀዋል። በመጨረሻ ሪያድ ያለው ከፈለልኝ። «ተወው ባክህ» አለኝ። እኔ ግን አልተውኩትም፣ በሳምንቱ ለእናቱ ቡና ይዤ ሄጄ ጠየቅኳቸው።

እጄም የ1.6 እጅ ነበር። ያኔ ኤኬ ጠመንጃው በጨዋታው ገንዘብ 2500 ነው የሚገዛው፣ አሁን 2700 ሆኗል። ሞሎቶቭ የሚባለው ተወርዋሪ እሳት አልነበረም፣ አሁን የምትገባበት በር በሙሉ በእሳት ይዘጋብሃል። ጭስ ውስጥ የእጅ ቦምብ ከተወረወረ ጭሱ ለአፍታ ይበተንና ተሸሽገህ የነበርከው ሰውዬ ፊት ለፊት ትታያለህ። ይሄ ግን ቅር አላለኝም። መማር ነው። በሥራ ቀን ልጄ ከተኛች በኋላ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ከቦት ጋር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ራሱ ከሚያጫውታቸው ጋር፣ ተለማመድኩ። የኤኬ ጥይት መጀመሪያ ሽቅብ፣ ከዚያ ወደ ጎን እንዴት እንደሚሸሽ፣ ባዶ ግድግዳ ላይ እየተኮስኩ እጄ እስኪለምደው ድረስ ደጋገምኩት። ከሁለት ወር በኋላ ሰው ሆንኩ።

የፒንጉን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፣ መልእክት ከኮምፒውተርህ ጨዋታው ወደሚካሄድበት ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፣ በሚሊ ሰከንድ። አፍሪካ ውስጥ ያለው ሰርቨር ጆሃንስበርግ ነው። ለእኛ የሚቀርበን ዱባይ ነው፣ በአየር 2500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በቀጥታ መስመር ቢሆን ደርሶ መልሱ 25 ሚሊ ሰከንድ ነበር። መስመሩ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም። አገራችን ባሕር የላትም፣ ኢንተርኔታችን በጎረቤት አገር በኩል ነው ወደ ባሕር ኬብሉ የሚደርሰው፣ ከዚያ ደግሞ የሚዞርበትን ዞሮ ነው። እኔ ጋ ጥሩ ቀን 130 ነው። መጥፎ ቀን 220። ዱባይ ያለው ጓደኛዬ ስሙ አጠገብ 6 ይላል። ጥግ ይዤ ስጠብቅ የሚመጣው ሰው ቀድሞ ያየኛል። እኔ ሳየው እሱ ተኩሶ ጨርሷል። ግድግዳ ጀርባ ከገባሁ በኋላ ሁሉ የሞትኩበት ጊዜ አለ። ይሄንንም ተቀበልኩት። ጥግ መጠበቁን ለእነሱ ትቼ ጭስ የምወረውር፣ መሣሪያ የምገዛላቸው፣ ቦምቡን የማጠምድ እኔ ሆንኩ። ለቡድኑ የምጠቅምበትን ቦታ ፈለግኩ፣ አገኘሁም።

ያልተቀበልኩት ቅጣቱን ነው።

ትናንት ማታ ሚራዥ የሚባለው ካርታ ላይ ነን። 11 ለ 7 እየመራን ነው፣ 13 ከደረስን አለቀ። ኤ የሚባለው የማጥመጃ ቦታ ላይ ቦምቡን አጠመድኩ። ለመፈንዳት 40 ሰከንድ ነው ያለው። እነሱ ሁለት ቀርተዋል፣ እኛ ሦስት ነን። ዱባይ ያለው በጆሮዬ «በፓላስ በኩል እየመጡ ነው፣ ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳት...» እያለ ቤቱ ጨለመ። ፍሪጁ ዝም አለ። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው አይጠፋም፣ የሚያንገበግበውም ይሄ ነው። የራውተሩ አረንጓዴ መብራቶች ጠፉ፣ ስክሪኑ ላይ አዳማ ያለው ጓደኛዬ አንድ እግሩን እንዳነሳ ደርቆ ቀረ። ከታች ግቢ ውስጥ ልጆቹ «ሄደ!» ብለው ጮሁ። ባለቤቴ ሻማ ይዛ መጣችና «አይዞህ፣ አሁን ይመጣ ይሆናል» አለችኝ።

ስልኬን አወጣሁ፣ ዳታ ከፈትኩ፣ ሆትስፖት አበራሁ። በዚያች ደቂቃ የብሎኩ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው። ኔትወርኩ ሙሉ ነው ይላል፣ ግን ምንም አይከፍትም። መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ እንቢ አለ። በረንዳ ላይ ወጣሁ፣ ብርዱ ሌላ ነው፣ በአንድ እጄ ላፕቶፑን ደረቴ ላይ ደግፌ በሌላው ስልኩን ወደ ውጭ ዘርግቼ ቆምኩ። ሦስት ጊዜ ለመመለስ ሞከርኩ። በሦስተኛው መግባት ጀመረ። ካርታው እየተጫነ እያለ ያ ጽሑፍ መጣ። ጥለህ ወጥተሃል።

የመጀመሪያው ቅጣት 30 ደቂቃ ነበር። ሁለተኛው 2 ሰዓት። ይሄ ሦስተኛዬ ነው፣ 24 ሰዓት። የሚቀጥለው 7 ቀን ነው። የቅጣቱ ደረጃ ዝቅ እንዲልልህ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ሳታጠፋ መቆየት አለብህ። «ሳታጠፋ» ነው እንግዲህ። እኔ ምኑን አጠፋሁ?

ሕጉ ለምን እንደወጣ ይገባኛል። ሲሸነፍ ተናዶ የሚወጣ አለ፣ አራት ሰው ሜዳ ላይ ጥሎ። እኔም ደርሶብኛል፣ እንደዚያ ዓይነቱ ይቀጣ። ኬብል ነቅሎ የወጣና መብራት የሄደበት ሰው ሰርቨሩ ላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት መሆናቸውም ይገባኛል። ግን ትንሽ ማየት አይቻልም ነበር? 11 ለ 7 እየመራ፣ ቦምብ አጥምዶ የሚሸሽ ማን ነው? ሸሽቶስ ወዲያው ሦስት ጊዜ ለመመለስ የሚታገል ማን ነው? ይሄ ሁሉ እኮ ተመዝግቦ ጨዋታውን የሚያስኬደው ድርጅት ጋ ነው ያለው።

ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለኝ ደግሞ ይሄ ነው። የቡድኔ አራቱም ልጆች ጓደኞቼ ናቸው። በእኔ መቋረጥ የተበደለ ካለ እነሱ ናቸው። እነሱ ደግሞ ይቅር ብለውኛል፣ ይቅርታ እንድጠይቃቸውም አልፈለጉም፣ መብራት እንደሆነ ያውቃሉ። እኛ አገር ሰው ሲካሰስ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀው ተበዳዩን ነው። እዚህ ጋ የሚጠይቅ የለም። «ይሄ ልጅ የእኛ ነው፣ መብራት ሄዶበት ነው» ብለው አራቱ የሚጫኑት አንድ ቁልፍ ቢኖር ማን ይጎዳል?

ጨዋታው ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በ1999 እ.ኤ.አ. ሚን ሌ እና ጄስ ክሊፍ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ሃፍ ላይፍ የሚባል ሌላ ጌም ላይ ቀጥለው የሠሩት ነው፣ ተጫዋች ለተጫዋች የሠራው። ሰርቨሩን ራስህ ትከፍታለህ፣ ሕጉንም ራስህ ታወጣለህ። ደህና ኢንተርኔት በሌለበት ሰፈራችን ድረስ ሊገባ የቻለው እኮ ለዚህ ነው። እኛን የወሰደን ጨዋታ ዛሬ እኛን የሚያይበት ዓይን የለውም።

«ትልቅ ሰው ሆነህ በጌም ትናደዳለህ?» የሚለኝ አለ። አዎ፣ እናደዳለሁ። ቅዳሜና እሑድ ኳስ ቤት የሚውለውን ማንም አይጠይቀውም። እኔ ከልጅነት ጓደኞቼ ጋር ያለኝ በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። «ለምን ወደ መሃል ከተማ አትገባም?» የሚልም አለ። ኪራዩን ማን ይከፍልልኛል? «ሞባይል ላይ ፐብጂ ተጫወት» የሚሉኝም አሉ፣ ጥሩ ጨዋታ ነው፣ የእህቴ ልጅ ይጫወተዋል፣ ጓደኞቼ ግን እዚያ አይደሉም።

ዛሬ እሑድ ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ አለ። ኢንተርኔቱም ደህና ነው። እገዳው 9 ሰዓት ይቀረዋል። ጠዋት ዱባይ ያለው ድምፅ ልኮልኝ ነበር። «ያንን ራውንድ በልተነዋል፣ ቦምብህ ፈንድቷል» ይላል። ከዚያ በአራት ሰው ተጋድለው 13 ለ 10 አሸንፈዋል። እኔ ነጥቤ ተቀንሶብኛል። ድምፁን ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

አንድ ጎረቤቴ መብራት ሲሄድ መስመሩ ለተወሰነ ጊዜ እንደሚቆይ፣ ቀድሞ የሚሞተው ራውተሩ እንደሆነ ነግሮኛል። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን ያላችሁ፣ ለራውተር የሚሆን፣ 12 ቮልት የሚሰጥ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ገዝታችሁ የተጠቀማችሁ ካላችሁ የት እንዳገኛችሁትና ስንት እንደገዛችሁት ጻፉልኝ። ከቅዳሜ በፊት ነው የምፈልገው።