የዋጋ ንረት ሌላ፣ የኑሮ ውድነት ሌላ

ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዲሴምበር 2025 መጀመሪያ፣ ካቢኔያቸውን ሰብስበው፣ «አፎርደቢሊቲ» (ኑሮን በአቅም መቻል) የሚለው ቃል የዴሞክራቶች ማጭበርበሪያ እንደሆነና ለማንም ትርጉም እንደማይሰጥ ነገሩን። በሳምንቱ ደግሞ ለኢኮኖሚው ስንት ይሰጡታል ተብለው ሲጠየቁ «ኤ ፕላስ ፕላስ ፕላስ ፕላስ ፕላስ» አሉ። ፈታኙም ተፈታኙም አንድ ሰው ሲሆን ማርኩ እንዲህ ነው።

እኔን ያበገነኝ ግን እሳቸው አይደሉም። ፖለቲከኛ ራሱን ሲያሞግስ መስማት ለምደነዋል። ያበገነኝ ከኋላቸው የተሰለፈው ተንታኝ ነው። «የዋጋ ንረቱ እኮ 3 በመቶ አካባቢ ነው፤ ሕዝቡን ሚዲያው አሳስቶት ነው» ይላል። ይህን ነገር የት ነው የሰማሁት ብዬ ሳስብ ትዝ አለኝ፤ በ2023፣ የባይደን ሰዎች የኢኮኖሚ ፖሊሲያቸውን «ባይደኖሚክስ» እያሉ በሚያሞግሱበት ጊዜ፣ ከዚያኛው ወገን። ተናጋሪው ተቀየረ እንጂ ንቀቱ ያው ነው። አልሸሹም ዞር አሉ።

ሙግታቸው ሲጨመቅ፣ መራጩ ሒሳብ አያውቅም ነው። ሒሳብ የማያውቁት እነሱ ናቸው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነን፤ ቋንቋችን ነገሩን ለይቶ አስቀምጦልናል። የዋጋ ንረት የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። የኑሮ ውድነት የጓዳ ቃል ነው። ንረት ዋጋው በምን ፍጥነት እንደሚጨምር ይናገራል፤ ውድነት የት እንደደረሰ። ቤት ውስጥ የገባ ጎርፍ መሙላቱን ስላቆመ ምንጣፉ አይደርቅም። ውኃው ጉልበቴ ድረስ ሆኖ ሳለ «እንኳን ደስ ያለህ፣ መጨመሩ ቀንሷል» የሚለኝን ሰው እንዴት ብዬ ልምረጠው?

ቁጥሩንም እንየው። የአሜሪካ የዋጋ ንረት በጁን 2022 9.1 በመቶ ደረሰ። በኦክቶበር 2024፣ በምርጫው ዋዜማ፣ 2.6 ነበር። የባይደን ሰዎች አጨበጨቡ፣ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱም አብረው አጨበጨቡ። መራጩ ግሮሰሪ ሲገባ (መጠጥ ቤቱን ሳይሆን የእንቁላሉን ቤት ማለቴ ነው) ያገኘው ዋጋ ግን ባይደን ሥልጣን ሲይዙ ከነበረው በአማካይ 20 በመቶ ገደማ በልጦ ነበር። በጃንዋሪ 2021 ከ1 ዶላር ተኩል በታች የነበረው አንድ ደርዘን እንቁላል ከ3 ዶላር አልፏል። ሰውየው የሚያስታውሰው 1 ዶላር ተኩሉን ነው። ከአምናው ጥቅምት ጋር አወዳድር ብሎ የሚያዘው ማን ነው?

ከዚያ ትራምፕ «በመጀመሪያው ቀን ዋጋ አወርዳለሁ» ብለው መጡ። በማርች 2025 ያው ደርዘን እንቁላል 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ገባ። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ 12 እንቁላል የሚቀቅል ቤት ይህን ከየትኛውም የቴሌቪዥን ክርክር በላይ ያስታውሰዋል። ሐቁን ለመናገር፣ ዶሮዎቹን የፈጀው የወፍ ጉንፋን ጋብ ሲል እንቁላሉ ወርዷል። ግን ቡናው ተተካ። በ2020 አንድ ፓውንድ የተፈጨ ቡና ከ5 ዶላር በታች ይገዛ ነበር፤ በሴፕቴምበር 2025 ከ9 ዶላር በላይ ሆነ። የተፈጨ የበሬ ሥጋም ከ6 ዶላር አለፈ። እንግዲህ ይህ ነው ትርጉም የሌለው ቃል።

«ደመወዝም እኮ ጨምሯል» የሚለው መልስ ነው ከሁሉም የሚገርመኝ። ጨምሯል፤ በአማካይ። አማካይ ለእኔ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን የሚያልበው ሌላ ነው። የማንም ሳይሆን የራሴ ደመወዝ ጨመረ እንበል። ሰው ደመወዙ ሲጨምር «ላቤ ነው፣ ትርፍ ሰዓት ገብቼ፣ ተምሬ፣ አለቃዬን ለምኜ ያገኘሁት ነው» ይላል። ዋጋ ሲጨምር ግን «ማን ነው ይህን አገር የሚያስተዳድረው?» ይላል። ለመንግሥት ፍትሐዊ ነው? አይደለም። ግን መሪ ዝናብ ሲዘንብ ምስጋናውን የሚቀበል ከሆነ ድርቁንም ይቀበላል። ደግሞ ሥራ አጥነት የሚነካው ጥቂቱን ነው፤ ውድነት ሁሉንም ነው፣ ያውም በየሳምንቱ፣ ከደረሰኝ ጋር። ከዚህ ደረሰኝ የበለጠ የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት ማንም አላሳተመም፤ አያሳትምም።

ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ 2024ን ይቁጠር። የብሪታኒያ ወግ አጥባቂዎች ከ14 ዓመት ሥልጣን በኋላ ተጠራርገው ወጡ። የደቡብ አፍሪካው ገዢ ፓርቲ ኤኤንሲ ከ1994 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ ድምፅ በታች ወረደ። ቦትስዋናን ከነፃነት ጀምሮ የገዛው ፓርቲ ተሸነፈ። ቀኝ የለ፣ ግራ የለ፣ ጥቁር የለ፣ ነጭ የለ። በዚያው ዓመት ገዢው ፓርቲ በሰፊ ልዩነት ካሸነፈባቸው አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት፤ ዝቅተኛውን ደመወዝ ዓመት በዓመት ከዋጋው በላይ ሲያሳድግ የከረመ መንግሥት ነበራታ!

የጃፓኑን ግን ሳልተርከው አላልፍም። ሩዝ በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋው እጥፍ ሆነ። እዚያ ሩዝ ማለት እኛ ዘንድ ጤፍ ማለት ነው። በሜይ 2025 የግብርናው ሚኒስትር ታኩ ኤቶ፣ ደጋፊዎቻቸው ስለሚሰጧቸው ሩዝ ገዝተው እንደማያውቁ በአደባባይ ተናገሩ። በቀናት ውስጥ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በጁላይ ደግሞ ጥምር መንግሥቱ፣ በኦክቶበር 2024 በታችኛው ምክር ቤት ያጣውን አብላጫ ወንበር፣ በላይኛውም አጣው። ሰውየው አልሰረቁም። ሩዝ ስንት እንደሚሸጥ የማያውቅ ሰው የሩዝ ሚኒስትር እንደነበረ ብቻ ነው ሕዝቡ ያወቀው።

ተንታኞቻችን ይህን ሁሉ አልፈው ስለ ድንበር፣ ስለ ጾታ፣ ስለ ፖድካስት ይሰብካሉ። ምርጫው ካለፈ በኋላ መቼም ምክንያት ሞልቷል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አንድ ነገር ልመንላቸው፤ ፕሬዚዳንቱ በተቀየረ ማግሥት ስለ ኢኮኖሚው ያለውን አስተያየት እንደ ጋቢ የሚገለብጥ ጭፍን ደጋፊ በሁለቱም በኩል አለ። ግን እሱ ድሮም ድምፁ የታወቀ ነው። ምርጫ የሚወስነው ሌላው ነው፤ ስለ ፖለቲካ ማውራት የማይወደው፣ ሁለት ሥራ የሚሠራው።

እዚሁ ሰፈራችን፣ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ እንምጣ። በኖቬምበር 4፣ 2025 ዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር ስለ ኑሮ ውድነት እያወሩ የቨርጂኒያን የአገረ ገዥነት ምርጫ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። የፌዴራል መንግሥቱ በበጀት አለመግባባት ተዘግቶ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ቤቱ ሲቀመጥ ኡበር የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ምሳ የሚሸጠው የእኛ ሰውም አብሮ ይቀመጣል፤ ይህን ለማወቅ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት መግባት ይበቃል። በዚያው ቀን ጆርጂያ ውስጥ፣ ማንም ስሙን በማያውቀው የመብራትና የመሳሰለው ታሪፍ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ምርጫ፣ ሁለት ዴሞክራቶች ሪፐብሊካኖቹን ገለበጡ። ያሸነፉት በመብራት ሒሳብ ነው። ይህንንም ሚዲያ ነው ያሳሳተው? ቆጣሪው ነዋ የሚዋሸው!

ደግሞ የምርጫ ካርድ በሌለበትስ? የካቲት 1966 ዓ.ም. ቤንዚን ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ካርድ ያለው ሕዝብ ቢያንስ ኖቬምበርን ይጠብቃል።

ወደ «ትርጉም የሌለው ቃል» ልመለስና አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። የቨርጂኒያውና የጆርጂያው ምርጫ የተካሄደው ኖቬምበር 4 ነው። ትራምፕ ኖቬምበር 14 ቡናን፣ ሙዝን፣ የበሬ ሥጋን በውጭ አገር ዕቃ ላይ ከጣሉት አዲስ ቀረጥ አወጡ፤ ከኤፕሪል ጀምሮ በኢትዮጵያ ቡና ላይ የነበረው 10 በመቶም አብሮ ተነሣ። ወራት ሙሉ «ቀረጡን የሚከፍለው የውጭ አገሩ ነው» ሲሉን ነበር። እሱ ከፋዩ ከሆነ፣ ቃሉም ባዶ ከሆነ፣ በ10ኛው ቀን ቡናዬ ላይ ያለውን ቀረጥ ማን አስፈራርቷቸው ነው ያነሱት?