ሰውዬውን ተዉትና ጥንዱን እዩ

የኤድመንተኑ የበረዶ ሆኪ ቡድን ኦይለርስ ላይ ግብ በተቆጠረ ቁጥር የሚጠራው አንድ ስም ነው፤ ተከላካዩ ዳርኔል ኑርስ። ፓኩ (በዱላ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ) ከማን ዱላ እንደተነጠቀ፣ ማን ለመቀየር እንደዘገየ፣ ከጎኑ የነበረው ተከላካይ የት ቆሞ እንደነበር የሚጠይቅ የለም። «በዓመት 9.25 ሚሊዮን ዶላር እየበላ!» ይባላል፣ ስድቡ ይወርዳል፣ አለቀ። እዚህ ኤድመንተን ያለን ሐበሾች እንኳ ጨዋታ ባለ ማታ ሌላ ወሬ የለንም። ኧረ ተዉ ወገኖቼ! ሰውየው ጥርሳችሁ ውስጥ ገብቶባችሁ ነው እንጂ የተበላሸውን ነገር አላያችሁትም።

በሆኪ ተከላካይ ለብቻው አይመዘንም። ለአንድ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ ስድስት ተከላካዮች በሦስት ጥንድ ተከፍለው ይሰለፋሉ፤ አንዱ ጥንድ 45 ሰከንድ አካባቢ ተጫውቶ ለሌላው ይለቃል። አንዱ ፓክ ሊያወጣ ጥግ ሲገባ ሌላው የግቡን ፊት ይይዛል። አንዱ ለማጥቃት ሲወጣ ሌላው ይቀራል። የአንዱ ስህተት የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በሌላኛው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ካሜራው የሚይዘው መጨረሻ ላይ ግቡ ፊት የተገኘውን ምስኪን ነው። ስለዚህ «ኑርስ ወረደ» ከማለታችሁ በፊት ከማን ጋር ነበር፣ በየትኛው በኩል ነበር በሉ።

በየትኛው በኩል የሚለው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ኑርስ ግራ መቺ ነው፤ ዱላውን በግራ ጎኑ ነው የሚይዘው። ግራ መቺ በግራ በኩል ሲሰለፍ ሜዳውን በከበበው አጥር በኩል የሚመጣለትን ፓክ በፎርሃንድ (በዱላው ፊት) ይቀበላል፤ ፊቱ ወደ ሜዳው ስለሆነ ቀና ብሎ ወዲያው ያቀብላል። ያንኑ ሰው ወደ ቀኝ አዙሩትና የሚሆነውን በቀስታ እዩት። ተጋጣሚ ከመሐል መስመር ፓኩን ወደ ቀኙ ጥግ ይጥለዋል። ተከላካዩ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ይከተለዋል፤ ከኋላው አንድ ግዙፍ አጥቂ በሙሉ ፍጥነት እየመጣ ነው። ፎርሃንድ ቢሆንለት ኖሮ በአንድ ንክኪ ለክንፍ አጥቂው ሰጥቶ ይገላገል ነበር። ባክሃንድ (በዱላው ጀርባ) ሲሆንበት ግን ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ፓኩን አቁሞ መዞር፣ ወይ ሳያይ በአጥሩ ላይ መለጋት። ከዞረ፣ ያ የባከነ ግማሽ ሰከንድ አጥቂውን ያደርስበታል፣ ከአጥሩ ጋር ይላተማል። ከለጋው ደግሞ የተጋጣሚ ተከላካይ የዞኑ ድንበር በሆነው ሰማያዊ መስመር ላይ ቆሞ ይቀበለዋል። ያኔ አምስቱም ተጫዋቾች ራሳቸው ዞን ውስጥ ታፈኑ ማለት ነው። በድካም ፓኩን እስከ ማዶው ጫፍ ቢልኩት አይሲንግ የሚባል ጥፋት ይሆናል፤ በአይሲንግ ደግሞ መቀየር አይፈቀድም፤ ያው የደከመው አምስት ሰው ተመልሶ ራሱ ግብ አጠገብ ይቆማል። ቀጥሎ ግብ ሲገባ ጣት የሚቀሰረው ማን ላይ ነው? ታውቁታላችሁ።

ግራ መቺን በቀኝ ማሰለፍ ጥቅም የለውም አልልም። ዱላው ወደ መሐል ስለሚሆን የመሐሉን ቅብብል ይዘጋል፣ ሲያጠቃም ፓክ ሳያቆም ለመምታት ይመቸዋል። ግን እንደ ፍሎሪዳ ፓንተርስ ፓክ ጥሎ በጉልበት የሚያባርር ቡድን ሲገጥም ይህ ጥቅም ጥግ ላይ ያልቃል።

ጎን ማስተካከል ብቻውንም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2023-24 ከኑርስ ጋር በብዛት የተጣመረው ኮዲ ሲሲ ቀኝ መቺ ነበር። በወረቀት ላይ ልክ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ፓክ በንጹሕ ቅብብል ማውጣት የሚቀናቸው አይደሉም፤ ሲጨነቁ ሁለቱም ወደ አጥሩ ነው የሚሉት። አሁን ማቲያስ ኤክሆልምና ኢቫን ቡሻርን እዩ። ኤክሆልም ግራ መቺ፣ ረጋ ያለ፣ አደጋውን ቀድሞ የሚያይ። ቡሻር ቀኝ መቺ፣ ከራሱ ግብ አጠገብ ሆኖ ለኮከቡ አጥቂ ለማክዴቪድ ረጅሙን ቅብብል የሚያደርስ። በዚያ ዓመት ፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፍ ዙር) ቡሻር በ25 ጨዋታ 32 ነጥብ (ያገባውና ለግብ ያቀበለው ተደምሮ) ያመጣው ከኋላው ማን እንደሚጠብቀው ስለሚያውቅ ጭምር ነው። ይህን ጥንድ አንድ ላይ ባደረጋችሁ ቁጥር ኑርስ ከቀረው ሰው ጋር ይጣመራል። ማንም ይህን አያነሳም!

አሰልጣኙን ክሪስ ኖብላክን በአንድ ነገር አመሰግናለሁ። ከዳላስ ጋር በነበረው የ2024 ምዕራብ ፍጻሜ አራተኛ ጨዋታ ላይ ቪንሰንት ዴሃርኔን አሳርፎ ፊሊፕ ብሮበርግን አስገባ፤ የኑርስንና የሲሲን ጥንድም በትኖታል። ቡድኑ ተስተካከለ። በዋንጫው ፍጻሜ ላይ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 0 ተመርቶ 3 ለ 3 አደረሰና ሰባተኛውን ጨዋታ በ2 ለ 1 ብቻ ተሸነፈ። ከዚያ ክለቡ ምን አደረገ? ከጁላይ እስከ ኦገስት 2024 ባለው ጊዜ ዴሃርኔ ወደ ቫንኩቨር፣ ሲሲ ወደ ሳን ሆዜ፣ ብሮበርግ ደግሞ ወደ ሴንት ሉዊስ ሄዱ። ብሮበርግ ሴንት ሉዊስ ባቀረበለት ዓመታዊ 4.58 ሚሊዮን ዶላር ነው የሄደው፤ ኦይለርስ ያንን አልከፍልም ብሎ በምትኩ በሁለተኛ ዙር አዲስ ወጣት ተጫዋች የመምረጥ መብት ተቀበለ። በአንድ የእረፍት ጊዜ ሦስት ተከላካይ! አንጀት የሚያሳርረው ይኼ ነው እንጂ የኑርስ አንድ የተበላሸ ቅብብል አይደለም። ጆን ክሊንበርግ የመጣው በጃንዋሪ 2025፣ ጄክ ዎልማን ደግሞ በማርች ነው፤ ጥንድ ተዋውቆ ሊግባባ ሲገባው ክለቡ ገና ሰው ይፈልግ ነበር።

በ2025 ኤክሆልም ተጎድቶ እስከ ምዕራብ ፍጻሜው አምስተኛ ጨዋታ ድረስ ሲጠፋ መቀያየሩ ባሰ። መቀያየር ግድ እንደነበረ ይገባኛል። የማይገባኝ በጨዋታ መሐል አንድ ግብ በገባ ቁጥር ጥንድ መበተን ነው። ጥንድ የሚሠራው በድምፅ ነው፤ «ዙር»፣ «ሰው አለህ»፣ «ለኔ» ይባባላሉ፣ ማን ጥግ እንደሚገባ ማን እንደሚቀር ሳያስቡ ያውቃሉ። አዲስ ጥንድ ያስባል፤ ሲያስብ ይዘገያል። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ቡድኖች ጎን ስለሚቀያየሩ ተቀያሪ ወንበሩ ከራስ ዞን ይርቃል፤ ታፍኖ የደከመ ጥንድ ሮጦ መውጣት አይችልም። ጥንድ መሞከሪያው እዚያ አይደለም። 11 አጥቂና 7 ተከላካይ ማሰለፍም እንዲሁ ነው፤ ሰባተኛው ሰው በገባ ቁጥር የአንዱ ጥንድ ተራ ይዛባል፣ ያልተላመዱ ሁለት ሰዎች አብረው ይገኛሉ።

ሌላው የማያልቀው ጭቅጭቅ ፕላስ ማይነስ ነው፤ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ እያለ ቡድኑ ባገባውና በገባበት ግብ መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው። «ማይነስ ሁለት ሆኖ ወጣ» እያላችሁ ቁጥር አትለጥፉ። ግብ ጠባቂ ወጥቶ ባዶ ግብ ላይ የሚገባው ጭምር ይቆጠርበታል፣ በፓወር ፕሌይ (ተጋጣሚ በቅጣት ሰው ጎድሎበት እያለ በሰው ብልጫ) የሚገባ ግብ ግን ለማንም አይቆጠርም። ከሜዳ ውጭ ሲጫወቱ ደግሞ መጨረሻ የመቀየር መብት የባለሜዳው ስለሆነ የተጋጣሚ አሰልጣኝ ምርጥ አጥቂዎቹን ሆን ብሎ ደካማው ጥንድ ላይ ይለቃል። ያንን ቁጥሩ አያሳያችሁም።

የኑርስ ኮንትራት እስከ 2029-30 የውድድር ዘመን ነው፤ ስለተሰደበ አይቀንስም። ክለቡ ቀኝ መቺ የሆነ፣ ጥግ ገብቶ ፓክ በቅብብል የሚያወጣ ሰው ያምጣለት። አሰልጣኙም በግራ በኩል ያሰልፈውና ጥንዱን ለ20 ጨዋታ አይንካው። ከዚያ በኋላም እንዲሁ ከቀጠለ፣ ያኔ ስሙን እየጠራችሁ ተናገሩ፤ እኔም አብሬያችሁ እናገራለሁ።